የእናቴ እጅ ሲቆም

የቤንዚን ሽታ ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ በመጣብኝ ቁጥር፣ ሶዶ ያለው የልጅነት ግቢያችን ፊቴ ድቅን ይላል። ክረምት ክረምት የዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ሲውል፣ አባቴ በረንዳው ላይ ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ካርቡሬተሩ ላይ ይደፋ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ለራት የሚሆነውን ቦይና፣ የአገራችንን ጎደሬ፣ ትልጥ ነበር።

አባቴ ለፍጥነት ብሎ ሲሊንደሩን አስፍቶ፣ ከሌላ ሞተር የተፈታ ትልቅ ካርቡሬተር ገጥሞበት ስለነበር፣ ሚኒሞውን ማስተካከል፣ ማለትም እጀታው ሳይጠመዘዝ ሞተሩ በራሱ ረግቶ እንዲሠራ ማድረግ፣ ጭንቅ ነበር። የነዳጁ ብሎን ትንሽ ሲጠብቅ ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ይጠፋል፣ ሲላላ ደግሞ እየተንገዳገደ ጭስ ይተፋል። ልኩ የሚታወቀው በጆሮ ነው፤ የአባቴን ጆሮ ግን ለዓመታት የሠራበት የእህል ወፍጮ በልቶታል።

ይህን በቤታችን የሚያነሳ አልነበረም። ካቻቢቴውን ቀስ እያለ ሲያዞር ዓይኑ እናቴ እጅ ላይ ነበር፤ ድምፁ ልክ ሲመጣ እጇ መላጡን ያቆማል፣ እሱም ያኔ ካቻቢቴውን ያነሳል። አንዲት ቃል አይለዋወጡም ነበር።

መስከረም ገብቶ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ የሰፈሩ ባለሞተሮች እስከ በዴሳ ከተማ ይሽቀዳደሙ ነበር፣ አባቴ አንደኛ በወጣበት ዓመት ግቢያችን በሰው ተሞላ።

«ጋሽ ዳና፣ ይሄን ሞተር ማን ነው ያስተካከለልዎት?» አለ አንድ ጎረቤት ጮክ ብሎ።

«ማን ያስተካክልልኛል? ይሄ ጆሮ ነዋ!» አለ አባቴ ጆሮውን እየነካ።

«ይሰማል እኮ፣ ሲፈልግ!» አለች እናቴ የሚያቃጥለውን ዳጣ እያቀረበች፣ ሰዉም ሳቀ።

በጋ ሲገባ እናቴ ታመመች፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጥል አረፈች። ለቅሶው ካለፈ በኋላ አባቴ ሞተሩን አውጥቶ አስነሳና ብሎኑን ማዞር ጀመረ፣ እንደ ልማዱም ቀና ሲል ባዶውን በርጩማ አየ፣ ሞተሩም ጠፋ።

«አባዬ፣ እኔ ልስማልህ» አልኩት።

«አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግናት!» አለና ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ዳግም አላነሳውም።

ዛሬ የምነዳት መኪና በባትሪ የምትሠራ ናት፣ ሚኒሞም ጭስም አታውቅም፣ ድምፅ ስለሌላትም አባቴን አሳፍሬ ስንወጣ «ተነሥታለች?» ብሎ እጄን ያያል። እኔም እጄን ከመሪው ላይ አነሳለታለሁ። «ተባረኪ» ይለኛል ሁልጊዜ። ምርቃቱ የማን እንደነበረ ስለማውቅ፣ አሜን ማለት ያቅተኛል።