በልኬ የተቆረጠ ቀስት

ባሌ ለኔ የሚገዛው ዕቃ ሁሌም ከልኬ ከፍ ያለ ነው። ጫማ ከገዛ ጫፉ ላይ ጥጥ እጠቀጥቃለሁ፤ ሹራብ ከገዛ እጅጌውን አጥፋለሁ። ክፋት የለውም፣ ሁለታችንም ያደግነው እንደዚያ ነው። እንጀራዬም ከዚሁ ነው የሚወጣው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቄ የተማሪ ዩኒፎርም ሲታዘዘኝ እናቶች ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነገር ነው፦ "አሳድገሽ ስፊው፤ ታድግበታለች።" እኔም ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፌ ትርፍ እተውለታለሁ።

ቀስት መወርወር የጀመርኩት ትከሻዬ ከስፌት መኪና ላይ ጎብጦ እንዳይቀር ብዬ ነው። ለቡ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ ሜዳ፣ እሁድ እሁድ ጠዋት ዒላማ ተክለው የሚወረውሩ ሰዎች አሉ፤ ጎረቤቴ ወሰደችኝ። ደጋኑን ይዤ ክሩን እስከ አገጬ ስስበው፣ ይህ ነገር ለኔ ነው የተፈጠረው አልኩ። ትዕቢት እንዳይመስላችሁ፤ አሰልጣኙም ያንኑ ብለዋል። ሰው የማያሞካሹ ሽማግሌ ናቸው፤ "ዓይን አለሽ" ያሉኝ ቀን ሱቄን ዘግቼ ልጨፍር ነበር።

ታዲያ አሰልጣኙ ለከተማው ውድድር አራት ሰው ሊመርጡ ሆነ። ቦታውን ፈለግኩት። ልጆች ከወለድኩ ወዲህ የማንም ሳይሆን የራሴ ብቻ የሆነ ነገር ስፈልግ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ችግሩ፣ ደጋን ክለቡ ቢያውሰኝም የራሴ ቀስት የለኝም፤ የምወረውረው በክለቡ አሮጌ የአሉሚኒየም ቀስቶች ነው። እነሱ ደግሞ ከብዙ ሰው እጅ የተነሳ ጎባብጠዋል።

ይህን ለባሌ ነገርኩት። ለፋሲካ እህቱ ከዱባይ ስትመጣ ረጅም ካርቶን ይዞ ገባ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ውስጡ ጥቁር የካርቦን ቀስቶች፣ ለአደን የሚሆኑ፣ ከሱቁ ሁሉ ጠንካራዎቹ!

"ለአደን?" አልኩት። "የለቡን ጅብ ልገድል ነው?"

"ትንሹን ምን ያደርግልሻል? ትጠነክሪበታለሽ" አለኝ። እህቱም "ታድግበታለች ብዬ ነው የመረጥኩት" አለች። ሁለቱንም ሳምኳቸው። ከልቤ ነበር የሳምኳቸው።

እሁድ ሜዳ ላይ ወረወርኳቸው። አንዱ ወደ ግራ ሄደ። ሁለተኛውም ወደ ግራ። ዓይኔን ጠረጠርኩ፣ እጄን ጠረጠርኩ፣ አቋቋሜን ቀየርኩ፤ ሁሉም ተራ በተራ ከዒላማው ግራ ጠርዝ ላይ ተሰኩ። አሰልጣኙ አንዱን ነቅለው ጆሯቸው ጋ አስጠግተው ጎበጥ ለመጥ አደረጉት፤ ካርቦን ሲለመጥ ከተንቋቋ ተሰንጥቋል ማለት ነው፣ ሲወረወር እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህ ምንም ድምፅ የለውም፤ ለመለመጥም እሺ አላለም።

"ቀስቱ ደህና ነው፤ ግን ለደጋንሽ አይሆንም" አሉኝ። "ቀስት ከክሩ ሲለቀቅ መጀመሪያ ይለመጣል፤ ተለምጦ ደጋኑን ያልፍና ከዚያ ይቃናል። ያንቺ ደጋን ለስላሳ ነው፣ ይህንን ግትር ሊለምጠው አይችልም። በዚህ ከወረወርሽ አልመርጥሽም፤ ቁርጡን ልንገርሽ።"

ከመሃላችን መርካቶ ሱቅ ያለው አንድ ረጅም ሰውዬ በቅርቡ ከባድ ደጋን ገዝቶ ነበር። ሲጀምር የወረወረባቸው ለስለስ ያሉ የካርቦን ቀስቶች ቤቱ ተቀምጠዋል። "እንለዋወጥ" አለኝ ዓይኑን ከኔዎቹ ላይ ሳያነሳ። አሰልጣኙ የሱን ቀስቶች ያውቋቸዋልና፣ "ለሱ ክንድ ነው የረዘሙት። አሁን ለደጋንሽ ትንሽ ይላላሉ፤ በልክሽ ሲቆረጡ ግን ይጠነክሩና ይስተካከላሉ" አሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን በይሉኝታ ዝም ትላለች። እኔ ዝም ማለት አልችልበትም። ማታ ባሌን "አይሆኑኝም" አልኩት፤ ልውውጡንም፣ በልኬ መቆረጡንም ነገርኩት።

"ከሁሉ ጠንካራውን አስመጥቼልሽ?"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ።"

"ትንሽ ታገሺያቸው፤ ትለምጃቸዋለሽ።"

"አርባ ዓመቴ ነው! መቼ ነው የማድገው?" ብዬ ጮህኩ።

ፊቱ ጠቆረ። ቴሌቪዥኑን እያየ እንዳላየ ተቀመጠ። አሳዘነኝ፣ በጣም አሳዘነኝ፤ ያልኩትን ግን አላነሳሁም። ብዙ ቆይቶ ተነሳና ቀኑን ሙሉ አንገቴ ላይ የሚውለውን ሜትር ወሰደ።

"ቁሚ እስቲ" አለኝ።

ደጋኑን አንስቼ፣ ያለ ቀስት ለቅቄ እንዳልሰብረው ተጠንቅቄ፣ ክሩን እስከ አገጬ ሳብኩ። ከክሩ እስከ ደጋኑ ፊት ለካ፤ አሰልጣኙ ያሉኝን ስነግረው ሁለት ጣት ጨመረ። ከዚያ ያጠረ ቀስት እጅ ይወጋል። የጀሞን ልጆች ሁሉ ስለካ የኖርኩ ሴት፣ ሰው ሲለካኝ እንባዬ መጣ። ሜትሩን አጣጥፎ ቁጥሩን ለራሱ ደጋገመው።

በማግስቱ ከመርካቶው ሰውዬ ጋር ቀስቶቹን ተለዋውጠን፣ ባሌ ወደሚሠራበት ለቡ ወዳለው የአሉሚኒየም መስኮት መሥሪያ ሄድን። ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ አፍንጫችንን ሸፈንን። በእርሳስ ምልክት አደረገና መቁረጫ ግራይንደሩን አስነስቶ እጁ ቆመ።

"ሦስት ሴንቲ ልተውልሽ?"

"ቁረጥ።"

"በኋላ ብትፈልጊውስ? መቀጠል የለም እኮ።"

"ቁረጥ አልኩህ!"

ቆረጠ። በቤታችን ትርፍ ያልተተወለት የመጀመሪያው ዕቃ ይኸው ነበር። ቁርጥራጮቹን መጣል አልሆነለትም፤ ኪሱ ከተታቸው።

በምርጫው እሁድ ባሌ ከዒላማው ራቅ ብሎ እጁን ኪሱ አድርጎ ቆመ። የመጀመሪያውን ስለቀው ድምፁ ብቻ ነገረኝ፤ ሄዶ መሃል ቢጫው ላይ ተሰካ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም። የቀሩት እዚያው አካባቢ ተጠጋግተው ቆሙ። አሰልጣኙ የተመረጡትን ሲጠሩ ሁለተኛ እኔን ጠሩ።

ባሌ እዚያው ሜዳው ላይ ዱባይ ለተመለሰችው እህቱ ደወለና ስፒከር ላይ አደረጋት። "ቀስቶቼ ሠሩ?" አለች።

"አልሆኗትም፤ በሌላ ለወጥናቸው" አላት። "ለሚቀጥለው ልኳን ልንገርሽ፦ ሰባ ሁለት ሴንቲ።" የጫማ ቁጥሬን እንኳ የማያውቅ ሰው በቃሉ ነው የነገራት።

"ትንሽ ረዘም ቢልስ?" አለች እህቱ። "ታድግበት የለ?"

ቀና ብሎ አየኝ።

"አይ" አላት፤ "አድጋለች።"