ያልተደፋው ውሃ

የልጅ ልጄ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ በሰው ፊት «መርዘኛ» ተብላለች። መርዙ ግን ከእሷ እጅ አልወጣም። ይህ ተጽፎ እንዲቀር እፈልጋለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ይህን ለመጻፍ ግን ይበቃል።

የምትሠራላት ማዳም በቪላዋ ጣሪያ ላይ ሰላጣ ያለ አፈር ታበቅላለች። ቡቃያው በነጫጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ቀዳዳ ይተከልና ሥሩ ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ ከበርሜል በፓምፕ ወጥቶ ሥሩን እያራሰ እዚያው በርሜል ይመለሳል። የመጀመሪያው ሰላጣ አምሮ ወጣ፤ ለጎረቤት ሁሉ ታደለ።

ልጅቷ በርሜሉን ደፍታ ልታጥብ ስትል ማዳሟ ከለከለቻት።

«ለኪስራ እርሾ እናስቀምጥ የለም እንዴ?» አለቻት። ኪስራ የአገሩ ሰዎች ስስ እንጀራ ነው። «ጉልበት ያለው አሮጌው ውሃ ነው። የጎደለውን ብቻ ሙዪ።»

ሞላች። ሰላጣው ሲቆረጥ፣ ሌላው ሲተከል፣ ውሃው ያው።

ሁለተኛው ዙር አነሰ። ቀጥሎ የተተከለው ጣት ሳያክል ቀጨጨ፤ ሥሩም ቡናማ ሆነ። ማዳሟ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ጣሪያ ላይ ብታወጣቸው የሚታይ ነገር የለም። አፈረችና «ይቺ በረኪና ጨምራበት ነው፤ መርዘኛ ናት» አለች። ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ሳጃና ሰፈር፣ እኔ ቤት መጣች። ሌላ ቤት ልትቀጠር ብትሄድ ደግሞ በር ላይ «የመረዝሽው አንቺ ነሽ?» ብለው መለሷት።

ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ወደ ማዳሟ ቤት ሄድኩ። ጣሪያው ላይ ወጥቼ የበርሜሉን ክዳን ከፈትኩ። የበሰበሰ ጎመንና የሰነበተ እጣቢ ይሸታል። እጄን ከትቼ ሳወጣ እንደ ንፍጥ የሚሳብ ነገር ከጣቶቼ ተንጠለጠለ።

«በዚህ ያደገውን ነው ለሰው የምታበዪው?»

«ያ ኻልቲ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፤ «ያበላሸችው ልጅሽ ናት።»

«በረኪና ይሸታል? ነይ አሽትቺው።»

አፍንጫዋን ይዛ ዞረች።

«ቱቦውን የገጠመልሽን ሰው ጥሪው። እስኪመጣ ከደረጃሽ አልነሳም።»

«ነገ፣ ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያው ለእኔም ፍራሽ አንጥፊልኝ።»

ደወለችለት። ሰውየው መጥቶ ክዳኑን ከፈተና ወዲያው ዘጋው።

«ውሃው መቼ ተቀየረ?»

«ተደፍቶ አያውቅም» አልኩት። እሱም አስረዳን። ሰላጣ ራሱ ከሥሩ የሚለቀው ነገር አለ። መሬት ላይ ቢሆን አፈሩ ይይዘዋል። እዚህ ግን መውጫ የለውም፤ ከውሃው ጋር እየዞረ ይጠራቀምና የሚቀጥለውን ቡቃያ እድገት ይገታል። የሞተው ሥርም በስብሶ ይጨመርበታል። ወይ ውሃው መደፋት፣ ወይ በከሰል መጣራት አለበት።

«ይሄ እርሾ አይደለም ማዳም፣ እጣቢ ነው» ብሏት ሄደ።

ሁለታችን ቀረን። እሷ እጇን ሽቶ ባለው ሶፍት ትጠርጋለች፤ ውሃውን የነካሁት እኔ ነኝ።

«ጎረቤቶችሽን ጥሪና ልጅቷ እንዳልመረዘች ንገሪያቸው» አልኳት።

«ኻላስ፣ በቃ፣ ትመለስና ሥራዋን ትያዝ።»

«ሥራ አልለመንኩሽም። ስሟን መልሺ።»

ሶፍቱን አጣጥፋ ስትጨርስ መለሰችልኝ።

«ውሃው መሆኑን ሰማሁ፣ ያ ኻልቲ። ታዲያ ለአንዲት ሠራተኛ ብዬ ጎረቤት ፊት ውሸታም ልባል?»