ሞረድ ሠራው

ቄራ ውስጥ ሰው በእናት አባቱ ስም አይጠራም። ስም የሚያወጣልህ ሥራህ ነው፤ እሱ ካልሆነ ነውርህ። እሱን ሞረድ ያሉት ጧት ከገባ እስኪወጣ ድረስ ቢላዋ ስለሚስል ነው። በጉብዝናው ዘመን አራጅ ነበር። አንድ ቀን ሞተ ያሉት ኮርማ ከወለሉ ተነሥቶ ጉልበቱን ከግድግዳ ጋር አላተመበትና ማረዱ ቀረ። ከእርዱ አዳራሽ ጋር በመስኮት የምትገናኝ ጠባብ ክፍል ሰጡት። የሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ፣ የውሃ ባልዲ፣ ፒንሳና በርጩማ፤ ሌላ ዕቃ የላትም። ሠራተኛው የዶለዶመ ቢላዋውን በመስኮቱ ያቀብለዋል፣ እሱ ስሎ ይመልሳል። የብረት መረብ ሽርጥ የሚጠግነውም እሱ ነው። ሽርጡ ከትንንሽ የብረት ቀለበቶች የተያያዘ ነው፤ ቢላዋ ስቶ ወደ ሆድ የመጣ እንደሆነ የሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ለሆደ ቡቡ አይሆንም። በሬው በኋላ እግሩ ተሰቅሎ ሲንፈራገጥ ሰንሰለቱ ይንጫጫል፤ ጉሮሮው ሲከፈት ደሙ ከአራጁ ቦት ጫማ በላይ ይረጫል፤ ገና ዓይኑ ሳይከደን ገፋፊው ቆዳውን ይጀምርለታል። ሞረድ ይህን ሁሉ ቀና ብሎ አያይም። ርኅሩኅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚያየው ስለቱን ነው። ቢላዋው አጥንት ሳይነካ ከገባ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል፣ የገባው ማን ውስጥ እንደሆነ አይጠይቅም።

የሚስቱ ታናሽ ወንድም እዚያው ቄራ የተገፈፈውን በሬ በመጥረቢያ ለሁለት ይሰነጥቃል። አንገቱ ከጭንቅላቱ ይሰፋልና ወይፈን ይሉታል፤ ጠባዩም ቢሆን ስሙን አያሳፍርም። እናት አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ያሳደገችው እህቱ ናት። ሞረድ ሥራ ሲያስገባው ሚስቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር ያለችው፤ ከእሱ በቀር ዘመድ የለኝም፣ እንዳስገባኸው አንተው ጠብቅልኝ። ሞረድም በአደራ ተቀበለ።

አማቾቹ ከሥራ ሲወጡ ከቄራው ጀርባ ካለው ጌም ቤት ይገባሉ። ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ ውላችሁ ሲመሽ ደግሞ ደም ፍለጋ ትሄዳላችሁ እያለች ሚስትየው ትተርባቸዋለች። እውነቷን ነው። ጌሙ የሰይፍና የዘንዶ ነው፤ ወይፈን ከፊት ቆሞ ይዋጋል፣ ሞረድ ከምሽጉ ውስጥ አንጥረኛ ሆኖ የወገኑን ሰይፍና ጥሩር ይሠራል። ሰይፍ አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል ከዘንዶ ቅርፊትና ከተራራ ብረት ጋር እሳት ውስጥ ይገባል። ከወጣ ይበረታል፤ ካልቀናው ብትንትኑ ይወጣል፣ ደረጃው ባደገ ቁጥር ደግሞ የመሰበሩ ነገር ይብሳል። ሌሎች አንጥረኞች በዚያች ሰዓት ስክሪኑን ይስማሉ፣ ጸሎት ያደርሳሉ። ሞረድ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሰይፉ ሲወጣ ስለቱ ሥር «ሞረድ ሠራው» የሚል ጽሕፈት ይበራል፣ ያቺን ጽሕፈት ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ለራሱ ግን ጥሩር የለው፣ ጋሻ የለው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ግራው የሚባል ቆዳ ገፋፊ ነበር፤ በግራ እጁ ስለሚሠራ ነው ስሙ። ጌሙ ላይ ከጠላት ወገን ነው። እሱና ወይፈን የተጣሉት እዚያ ነበር፣ ጠቡን ግን እዚያው ትተውት መውጣት አላወቁም። ቄራ ውስጥ ሲተላለፉ ትከሻ ይገፋፋሉ፣ አንዱ የሌላውን ቦት ጫማ ደም ሞልቶ ያቆይለታል።

ሞረድ ከሁሉ የበለጠውን ሰይፍ ለወይፈን ሠርቶ ነበር። ጌሙ ውስጥ የሞተ ሰው መሣሪያው ለገዳዩ ነው፤ ስለዚህ ሰይፉን ለትልቁ ጦርነት አስቀምጠው፣ ብቻህን ይዘኸው አትውጣ ብሎ መከረው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው። ወይፈን ሰይፉን መዝዞ ብቻውን ከምሽጉ ወጣ፤ የግራው ሰዎች ጫካ ውስጥ አድፍጠው ጠበቁት። እጁን ቆረጡ፣ ጉልበቱን ሰበሩ፣ አንገቱን ግራው ራሱ ወሰደው። ሰይፉንም አነሣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ጦርነት ሳይሆን እርድ ነበር። ግራው በዚያች ሰይፍ የምሽጉን በር ሰንጥቆ ገባ፤ ሞረድ ራሱ የሠራቸው ጥሩሮች እንደ ወረቀት ተቀደዱ። ራስ ተንከባለለ፣ አንጀት ተዘረገፈ፣ በያንዳንዱ ሟች ስክሪን ላይ የገደለው ሰይፍና የሠሪው ስም ወጣ፤ ሞረድ ሠራው። በመጨረሻ ባዶ እጁን ወናፉ አጠገብ የቆመውን አንጥረኛ ከትከሻው እስከ ወገቡ ሰነጠቀው። ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሞረድ አፍሮ አቀረቀረ። ሆዱ ውስጥ ግን፣ እግዜር ይይለትና፣ እንዴት ያለ ስለት ነው የሚል ደስታ ነበር።

ግራው ከወንበሩ ተነሥቶ አንጥረኛችሁን አመስግኑልኝ አለ። ወይፈን መልስ የሚሰጠው በአፉ አልነበረም። የተቀመጠበትን ወንበር አንሥቶ ፊቱ ላይ ሰበረበት፣ ወድቆም ሳለ ቅንድቡ እስኪተረተር በጫማው ረገጠው። ሰው ተረባርቦ ባያላቅቀው እዚያው ይጨርሰው ነበር።

በማግሥቱ ጧት ወደ መስኮቱ መጀመሪያ የመጣው ወይፈን ነው። የሥጋ መስቀያው ሜንጦ ሽርጡን ይዞ ሆዱ ላይ አንድ ረድፍ ቀለበት ቀዶበታል። «ጋሼ፣ ይቺን ቶሎ ድፈንልኝ» ብሎ ጥሎለት ሄደ። ሞረድ ፒንሳውን አንሥቶ ጀመረ።

ጥቂት ቆይቶ መስኮቱ ጨለመ። ግራው ነው፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል፣ ከንፈሩ ተሰፍቷል። ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋ። ሞረድ ቢላዋውንም ፊቱንም አየ። የመስኮቱ ሕግ የማንም ቢላዋ ሳይሳል አይመለስም ነው፤ የዶለዶመ ቢላዋ የሚቆርጠው ባለቤቱን ነውና። ግን ቆይ ማለት ይቻል ነበር። ሽርጥ ይዣለሁ ማለት ይቻል ነበር። አፉን ሊከፍት ሲል ግራው ቀደመው።

«የትናንቱን ሰይፍ የመሰለ ይዤ አላውቅም» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው የምቆርጥ አልመሰለኝም፣ አየር ነው የመሰለኝ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሚስቱ እንኳ ለሥራው እንዲህ ያለ ቃል ሰጥታው አታውቅም። ሞረድ ሽርጡን መሬት ላይ አኖረና ቢላዋውን ተቀበለ። የግራ እጅ ቢላዋ በሌላው ጎኑ ነው የሚሳለው፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሞረድ በቀር በወጉ የሚያውቅበት የለም። ለወትሮው ከሚስለው አልፎ ቆዳ ላይ አሸው፣ በክንዱ ፀጉር ሞከረው፣ አሁንም አሸው። በመካከል ወይፈን ተመልሶ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አደረገና አልደረሰም እንዴ አለ። ሞረድ ከስለቱ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል ከምሳ በኋላ አለው። የማን ቢላዋ ነው ብሎ ወይፈን አልጠየቀም፤ ሽርጥ ሳይለብስ እያፏጨ ወደ ሥራው ሄደ።

ነገሩ የተፈጠረው ግራው የተሳለ ቢላዋውን ከተቀበለ ወዲያ፣ ምሳ ሳይደርስ፣ ቆዳ ከሚከመርበት ዘንድ ነው። ሲተላለፉ ግራው አንድ ቃል ተናገረ፣ ወይፈን በትከሻው ገፍቶ እርጥቡ ቆዳ ላይ ጣለው። ግራው ሲነሣ ግራ እጁ አብሮት ተነሣ። ቢላዋው ከወይፈን እምብርት በታች ገብቶ ጎድኑ ድረስ ወጣ። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ፣ የሌላ ሰው ሆድ ይመስል ሆዱን አየ፣ ከዚያ የሚወጣውን በሁለት መዳፉ ሊመልስ ታገለ። ከብቱም ሰውም አንድ ቀለም ነው ውስጡ።

ሞረድ እያነከሰ ሮጠ፤ ደሙ አንሸራትቶት ወደቀ፣ በእንብርክኩ ደረሰ። ቁስሉን ለመዝጋት እጁን ሲያስገባ የቁስሉን ከንፈር አየ። በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ አልተተለተለም፣ አልተቦጫጨቀም፣ አንድም ቦታ አላመነታም። የአማቹን መሞት ከማወቁ በፊት የገዛ ሥራውን አወቀ።

«ጋሼ፣ በረደኝ» አለው ወይፈን። መኪና እስኪመጣ አልቆየም። ጥበቃዎቹ ዱላቸውን ይዘው ሲደርሱ ነገሩ አልቋል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግራውን ከቆዳው ክምር ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ቢላዋው እጁ ላይ ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሞረድ ያቺን ሽርጥ ወደ ቤት አመጣት። ጓዳ ተቀምጦ በፒንሳ ቀለበት ከቀለበት ያያይዛል፤ የተቀደደውን ጨርሶ ያልተቀደደውን ማጠናከር ጀምሯል። ሚስቱ መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ለብዙ ዓመት ምሳ በዚያች መስኮት ያቀበለችው እሷ ናት፤ ምን በየት እንደሚገባና እንደሚወጣ ታውቃለች።

«የሱ ናት?»

«የሱ ናት።»

«የዚያን ቀን ጧት ነው ያመጣልህ?»

ራሱን ነቅንቆ አዎን አላት። ገዳዩስ ቢላዋውን መቼ ነው ያመጣው አለችው። እሱም ጧት ነው አለ። ፒንሳው እጁ ላይ ቆመ። ሌላ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የሽርጡን የሚያውቀው ተቀብሯል፣ የቢላዋውን የሚያውቀው ታስሯል። መዋሸት ቀላል ነበር።

«የቱን አስቀደምክ?» አለችው።

«ቢላዋውን።»

ሽርጧን ከጉልበቱ ላይ አንሥታ እንደ ሕፃን ልብስ አጣጠፈቻትና ይዛት ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ከውስጥ ስትቀረቅረው ተሰማው።