ከአበባው ቅርጽ ጀርባ ያሉት ብሎኖች

የወተት ዓሣ አጥንት እየለቀምኩ ነበር። ይህ ዓሣ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ፀጉር የመሰለ አጥንት አለው። ሥጋውን በጣቴ እየዳሰስኩ በወረንጦ አንድ በአንድ እነቅላለሁ። ልጄ ሹፈንና ባሏ ጂያሆንግ ሐሙስ ጠዋት በሸራ ጀልባቸው ወደ ጃፓኗ ደሴት ወደ ኢሺጋኪ ሊነሡ ስለሆነ፣ በጨው አድርቄ ስንቅ ላደርግላቸው ነው። ማዕበል ላይ ሆኖ አጥንት የሚለቅም የለም።

ሰኞ ነበር። ሹፈን መጣችና አንድ ያረጀ የፕላስቲክ አቃፊ ከሰሃኑ አጠገብ አኖረች።

«እማዬ፣ ከጀልባዋ የካርታ ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ አገኘሁት። አባዬ የሠራበት ግቢ ስም አለበት። አንብቢውማ!»

«እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«ታጠቢዋ! ወይስ የምታነቢው አስተማሪሽ ፊት ብቻ ነው?»

እየሳቀች ወጣች። እጄን ታጥቤ ውስጡ ያለውን ወረቀት ዘረጋሁት። የጀልባ ጎን ንድፍ ነው። ጽሑፉ የፈረንጅ ነው፤ ከሥሩ ግን አንድ ሰው በእርሳስ በእኛ ፊደል ጽፎበታል። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ ስለሆነ ዛሬም ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ ነው የማነበው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «እነዚህ ብሎኖች አይሸፈኑ። በየዓመቱ ይታዩ» ይላል።

ወረቀቱን አውቀዋለሁ። ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት በእጄ ይዤው ነበር።

ያኔ እዚሁ ካኦሲዮንግ፣ ወደቡ ዳር፣ ለባሕር ማዶ ሰዎች ጀልባ በሚሠራ ግቢ ውስጥ ተቀጣሪ ነበርኩ። የመስታወት ጨርቁን ቅርጽ ማውጫው ላይ እናነጥፋለን፣ ሬዚን የሚሉትን ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ እናጠጣዋለን፣ አረፋው እስኪወጣ በሮለር እንዳምጠዋለን። ሽታው ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ ሩዙ ሳይቀር ሬዚን ሬዚን ይለኝ ነበር። እንዲህ የሚሠራው ፋይበርግላስ ምን ያህል እንደሚችል በውል የሚያውቅ ስላልነበረ ደራርበን ደራርበን የጀልባዋን ሆድ ሁለት ጣት እናወፍረዋለን። የእነዚያ ጀልባዎች አካል ዛሬም የማይነቀነቀው ለዚህ ነው።

ምሰሶው ግን ሌላ ነገር ነው። ምሰሶውን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ከአናቱ ወደ ግራና ቀኝ የሚወርዱ የብረት ገመዶች ናቸው። ገመዶቹ የሚታሰሩት ከጀልባዋ ጎን ጋር በብሎን በተያያዙ ረጃጅም ብረቶች ላይ ነው። ብረቶቹ ከለቀቁ ምሰሶው ከነሸራው ይወድቃል።

የቢሮው ጸሐፊ ንድፉን ሲሰጠኝ «ገባሽ?» አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ስሜን እንኳ መጻፍ እንደማልችል ማንም እንዲያውቅብኝ አልፈለግሁም። ከዚያ ውሃ እንዳያንጠባጥብ ብዬ በብሎኖቹና በብረቱ ላይ ሦስት ድርብ ፋይበርግላስ አለበስኩበት።

ባለቤቴ ቲየንሸንግ ከቤተ መቅደስ ቅርጽ ሥራ የመጣ አናጺ ነበር። በእነሱ ሙያ ሚስማር እንዲታይ መተው አምላክን መስደብ ነው። እኔ የሠራሁትን እብጠት አየና «ይኼ እንዲህ ራቁቱን ሊቀር ነው?» ብሎ በቲክ እንጨት ፒዮኒ የሚባለውን ድርብርብ አበባ ፈልፍሎ ከደነው። የግቢው አለቃ አጨበጨበ። እሷን ጨምሮ አሥራ አንድ ጀልባዎች በዚሁ ዓይነት ተከደኑ።

ቲየንሸንግ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። ሹፈን ከሁለት ዓመት በፊት ፔንግሁ ደሴት ወደብ ውስጥ ከእነዚያ ጀልባዎች አንዷን ተጥላ አገኘቻት። ገብታ አበባውን ስታይ መዳፏን አሳርፋበት አለቀሰች፤ ጀልባዋንም ገዛቻት። እንግዲህ ያ ጥርብ ሳይሰበር ብሎኖቹ አይታዩም።

ሰኞ ዝም አልኩ። ማክሰኞም ዝም አልኩ። እራት ላይ ጂያሆንግ ስለ ጀልባዋ አውርቶ አልጠገበም።

«እማማ፣ እሷ እኮ ጎሽ ናት! በትንሽ ነፋስ አትነቃነቅም። ወደ ነፋሱ ጠጋ በይ ቢሏት ታኮርፋለች። ነፋሱ ሲበረታ ግን ያን ጊዜ ነው የምትነሣው። አዲሶቹ ጀልባዎች ማዕበል ላይ እንደ ከበሮ ይደለቃሉ፤ እሷ ሰንጥቃው ታልፋለች።»

«መንገዳችሁን የሚያቋርጠው ጥቁሩ የባሕር ጅረት ላይ ነፋሱ ቢዞርባችሁስ?»

«ያኔ ገመዶቹ ይጨነቁ፤ እኔ ሻይ እጠጣለሁ።»

ሹፈን ሳቀች። እኔ ግን ገመዶቹ ሲጨነቁ ብረቶቹ ምን እንደሚሆኑ ሳስብ ሌሊቱን ሙሉ ምሰሶ ሲወድቅ ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ደረቁን ዓሣ ይዤ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ጥንት እንደምናደርገው በሳንቲም የጎኗን ግድግዳ መታ መታ እያደረግሁ አዳመጥኩ። ድምፁ ደህና ነው። አበባው ሥር ስደርስ ግን ፈዘዘ። ጎንበስ ብዬ ባየው ከጥርቡ ጠርዝ ቀጭን ቡናማ መስመር ወርዷል። ሹፈን ቫርኒሽ ቀብታ አብረቅርቃዋለች።

«ይኼ መስመር መቼ ነው የመጣው?»

«የቲኩ ቀለም ነው፣ እማዬ።»

«የቲክ አይደለም። የዝገት ነው።»

ጂያሆንግ ከላይ አንገቱን አሰገገ። «ብረቱ እኮ የማይዝግ የሚባለው ነው፣ እማማ። ስንገዛት የመጣው የጀልባ መርማሪም አይቶታል።»

«ከእንጨቱ ጀርባ አየ?»

«እንጨቱን... አደነቀ።»

«የማይዝገው ብረት አየር ሲያጣና እርጥበት ሲታፈንበት ውስጥ ውስጡን ይበላል። አፍኜ የዘጋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።» ወረቀቱን አውጥቼ በእርሳስ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ራሴን እንዴት እንደነቀነቅሁም ነገርኳቸው። ለልጄ ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። «አበባው ይሰበር» አልኩ።

ሹፈን ፊቷ ተለዋወጠ። «አርባ ስድስት ዓመት ቆሟል! ነገ ልንሄድ ዛሬ ነው የአባዬን እጅ የምትሰብሪው?»

«የአባትሽ እጅ አይደለም፤ እንጨት ነው።»

«የባሕሯን አምላክ የማዙን ክታብ አስረናል። ትጠብቀናለች።»

«ማዙ ብሎን ስታጠብቅ አይቼ አላውቅም።»

«ስንመለስ እንከፍተዋለን።»

«ካልተመለሳችሁስ?»

ከመሣሪያ ሳጥኑ መሮና መዶሻ አነሣሁ። መጀመሪያ የመታሁት አውራ ጣቴን ነው። ጂያሆንግ ወርዶ መዶሻውን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ፤ ሹፈን ግን ቀደመችውና መሮውንም መዶሻውንም ወሰደችብኝ። የምትጥላቸው መስሎኝ ነበር። መሮውን አበባው ጠርዝ ላይ ደገነች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ መታችው።

ጥርቡ ለሁለት ተሰንጥቆ ወጣ። ከሥሩ ያለውን የእኔን ፋይበርግላስ ለመቁረጥ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ያን ያህል አጥብቄው ነበር። ስንጨርስ ብረቱ ተገለጠ፤ ጥቁር ሆኗል፣ ላዩ እንደ ብስኩት ተቦርቡሯል። ጂያሆንግ ላይኛውን ብሎን በሁለት ጣቱ ያዝ ቢያደርገው ራሱ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ብሎኑን ተራ በተራ አየነው። የቀኙ ጎን ይሻል ይሆናል ብለን እሱንም ከፈትን፤ ብረቱ መሐሉ ላይ እስከ ግማሽ ተሰንጥቋል።

ሐሙስ ነፋሱ ከደቡብ ነበር፤ የሚጠብቁት ዓይነት። ጀልባዋ አልተነሣችም። ሹፈን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና «ሌሎቹስ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ጥያቄ ነው። አሥሩ የት እንዳሉ አናውቅም። ስማቸው ተቀይሯል፣ ባለቤታቸው ተቀይሯል፤ ዛሬ ነገ ባሕር ላይ የሚወጣ ይኖራል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ካኦሲዮንግ የተሠራች፣ አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ሆዷ ወፍራም የሆነ የሸራ ጀልባ ያለው ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን ንገሩልኝ። ውስጧ ግራና ቀኝ ከምሰሶው ትይዩ የፒዮኒ አበባ ካለ፣ ሸራውን ከመዘርጋቱ በፊት ይሰብረው። ቅርጹ ያምራል፤ እጁ አይሳሳበት።