ጥቁር ጠርዝ ያለው የእትዬ ቬሊካ ማስታወቂያ

መጻፍ ለእኔ የሚገባ ሥራ አይደለም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ግን የእኔ ሥራ ወረቀት ማጠፍ፣ መስፋትና መቁረጥ ነው እንጂ ማንበብ አይደለም። ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ካየኝ አቆማለሁ። ይህን የጻፍኩት ስለ እትዬ ቬሊካ መንደሩ የሚያወራው ልክ ስላልሆነ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው። የተሳሳተ ፊደል ካያችሁ እለፉት።

እትዬ ቬሊካ የባቡር ማቋረጫ ጠባቂ ነበሩ። ከመንደራችን ወጣ ብሎ፣ ወደ ዳኑብ ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት ቢጫ ቤት አለች። እዚያ ሆነው ከጣቢያው ስልክ በተደወለ ቁጥር እየወጡ፣ ቀይና ነጭ የተቀባውን አግዳሚ እንጨት ያወርዱ ነበር። ኋላ ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱንም ሌቦች እየቆረጡ ሸጡት። እሳቸው እዚያው ቤት ቀሩ፣ ዛሬ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው።

እኅት አላቸው፣ እትዬ ስቶይና የሚባሉ፣ መንደሩ መሀል የሚኖሩ። ሁለቱ ከተነጋገሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የእትዬ ስቶይናን ባል፣ ኢሊያን፣ አንድ የጥቅምት ማታ በጭጋግ ውስጥ በሞተር ሳይክሉ ሲያቋርጥ ባቡር ገጨው። እትዬ ስቶይና «እንጨቱን አላወረደችውም» አሉ። ሰዎች ሲደርሱ ግን እንጨቱ ወርዶ ነበር። ስለዚህ ሰው ሁሉ «ኢሊያ ቀምሶ ነበር፣ በጎን ዞሮ ገብቶ ነው» አለ። ነገሩም በዚያ ተዘጋ፣ ሁለቱ ቤቶችም አብረው ተዘጉ።

ባለፈው ጸደይ እትዬ ቬሊካ አራት ደብተር በፌስታል ይዘው ከተማ ወዳለው ማተሚያ ቤታችን መጡ። ባለቤቱ ናይደን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አያቸው።

«መጽሐፍ ነው» አሉ።

«የምን መጽሐፍ፣ እትዬ?»

«የራሴ።»

«ግጥም ከሆነ ከአሁኑ ልንገርዎት፣ ግጥም የሚገዛው ገጣሚው ብቻ ነው።»

«ግጥም አይደለም። ባቡር ነው።»

«ስንት ይታተም?»

«አንድ ይበቃኝ ነበር። አንድ ሰው እንዲሰማው ነው የምፈልገው።» ፌስታሉን ጠቅለል ፈታ አደረጉት። «ግን አንድ ብቻ ከሆነ ደብዳቤ ይሆናል። ደብዳቤዬን ሳትከፍት ነው የምትመልሰው። መቶ ሃምሳ አድርገው።»

ናይደን ማን እንደሆነች አልጠየቀም። እኔ ግን የዚያ መንደር ልጅ ነኝ፣ ገብቶኛል።

ጡረታ የወጡት መምህር ራንገል እንዲያርሙት ተሰጣቸው። በጋውን ሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ሲጭሩት ከረሙ። አንድ ቀን ሁለቱ በእኔ መቁረጫ አጠገብ ተቀምጠው ሲከራከሩ ሰማሁ።

«ሰባተኛው ምዕራፍ ይውጣ፣ እትዬ ቬሊካ። ለማን ይጠቅማል? ሰው ረስቶታል።»

«ነጠላ ሰረዙን እንደፈለጉ ያድርጉት፣ መምህር። ሰባተኛውን አይንኩብኝ።»

«ነጠላ ሰረዝ እኮ የለውም! አንድም የለውም።»

«እንግዲያው ሥራ አለዎት ማለት ነው።»

ለሽፋኑ ናይደን ከኮምፒውተሩ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ አወጣላቸው፣ ባሕርና ዘንባባ ያለበት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይቺ ፀሐይ የእኛ አይደለችም» አሉና የወረደውን እንጨት የሚያሳይ አንድ አሮጌ ፎቶ ከጉያቸው አወጡ። እሱ ሆነ።

ገጾቹ ታትመው ሲመጡ የማጥፍ እኔ ነኝ። ሰባተኛው ምዕራፍ ያለበትን ወረቀት መቶ ሃምሳ ጊዜ አጠፍኩት። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሁለት መስመር እያነበብኩ፣ ከንፈሬን በእጄ ሸፍኜ፣ ጨረስኩት። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ምን እንደሚል ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ማተሚያ ቤቱን የሚያኖረው መጽሐፍ አይደለም፣ የሙታን ወረቀት ነው። ሰው ሲሞት ፎቶው፣ ስሙና የሚቀበርበት ሰዓት በጥቁር ጠርዝ ይታተማል። በበሩ፣ በዘመድ በር፣ በአውቶቡስ ማቆሚያው፣ በዳቦ ቤቱና በዛፎቹ ላይ ይለጠፋል። በአርባው ሌላ ይወጣል፣ በስድስት ወሩ ሌላ፣ በዓመቱ ሌላ። ለመንደሬ የሚለጠፈውን ይዤ የምሄደው በብስክሌቴ እኔ ነኝ። በአውቶቡስ ማቆሚያችን ላይ ያሉት ፊቶች በመንደሩ ካሉት ሰዎች ይበዛሉ።

መጽሐፉ አልቆ ሊመረቅ ሳምንት ሲቀረው ናይደን የሐሞት ጠጠር ይዞት ሆስፒታል ገባ። ከአልጋው ላይ ደወለልኝ።

«ዳፊና፣ የእትዬ ቬሊካን የምርቃት ማስታወቂያ አንቺው አውጪው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቅርጽ ትከፍቻለሽ፣ ፎቶ ታስገቢያለሽ፣ ስም፣ ቦታና ሰዓት። ሕፃን ይሠራዋል።»

አንድ ቅርጽ ብቻ ነው የማውቀው፣ የሙታኑን። ከፈትኩት። ፎቷቸውን ከላይ፣ ስማቸውን በትልቁ፣ የመጽሐፉን ስም ቦታ ስላልበቃኝ በትንሹ አደረግሁት። ከታች «ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ በመንደሩ ንባብ ቤት አዳራሽ» ብዬ ጻፍኩ። ጠርዙ ከቅርጹ ጋር አብሮ መጣ። ሳጠፋው ወረቀቱ ራቁቱን ሆነብኝና መለስኩት። ሃያ አምስት አትሜ ቀለሙ እስኪደርቅ እንደ ልማዴ ገመዱ ላይ ሰቀልኳቸው። በዚያ ሳምንት የሞቱ ሁለት ሰዎችም ከጎናቸው ተሰቅለው ነበር። ሃያ አምስቱ እትዬ ቬሊካዎች ከሁለቱ ጋር አብረው ሲወዛወዙ አየሁ፣ ምንም አልመሰለኝም።

ረቡዕ ለጠፍኩ። የት ይለጠፋል ብዬ አላሰብኩም፣ እጄ ራሱ ያውቃል። አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ዳቦ ቤት፣ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር። ከዚያ የዘመድ በር፤ የእትዬ ስቶይና በር። ወደ ቢጫዋ ቤት ብቻ አልሄድኩም፣ ከወንዙ የተነሣው ጭጋግ መንገዱን ዘግቶት ነበር።

ዓርብ ጠዋት እትዬ ቬሊካ ማተሚያ ቤት መጡ። ኮታቸው በጤዛ ርሷል። አልተቀመጡም።

«ዳፊና፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ታዪኛለሽ?»

«አዎ፣ እትዬ። ምነው?»

«ሰው አያየኝም። ዳቦ የሚያመጣልኝ ልጅ ሁለት ቀን ቀረ። ትናንት ደወል ተደወለ፣ የሙታኑ ደወል፣ ቆጠርኩት። ከአጥር ማዶ ዱባ የምትሰበስብ ሴት ነበረች፣ ‹ማን ሞተ?› ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋት። ቀና ብላ አየችኝ። ዱባውን ጥላ ሄደች። ሮጣ አይደለም፣ ቀስ ብላ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ወደ ኋላ እየተራመደች።»

«ጭጋጉ ይሆናል፣ እትዬ።»

«እኔም እንደዚያ አልኩ። ግን ጭጋግ ደወል አይደውልም።» እጃቸውን አገላብጠው አዩት። «ዛሬ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ማንም አልተቀመጠም። ሹፌሩ ቲኬት አልቆረጠልኝም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጥቁሩን ጠርዝ ያየ ሁሉ ሞተዋል ብሎ ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩና ድምፄ አልወጣ አለ። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ገመዱ ላይ የተረፈች አንዲት ማስታወቂያ ነበረች፣ እትዬ ቬሊካ ፊት ለፊቷ ቆመው ነበር። እሳቸው ግን ያለ መነጽር ሩቅ አያዩም።

«ነገ እኅቴ ትመጣ ይሆን?» አሉኝ።

«ይመጣሉ» አልኩ። ለምን እንደሚመጡ አውቅ ነበር።

ማታ ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ብስክሌቴን አቆምኩ። ፊታቸው ከሌሎቹ መካከል ነው። ያወጣሁት እኔ ሆኜ እንኳ መለየት አቃተኝ። ከሥሩ አንድ ሰው የሻማ ጉቶ አስቀምጧል፣ ያጨሳል ገና። ልቅደደው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የሙት ወረቀት አይቀደድም፣ ዝናብና ፀሐይ ነው የሚያነሣው። እጄ ተመልሶ ወረደ። አጥፍቻለሁ፣ እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት።

ቅዳሜ መምህር ራንገል ከከተማ መጡ፣ እሳቸው ምንም አያውቁም። እትዬ ቬሊካን መድረኩ ላይ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጧቸው፣ «ሰው ሲሞላ እከፍተዋለሁ፣ ያምራል» ብለው። እኔ በሩ አጠገብ የመጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ።

ሰው መግባት ጀመረ። እንዲያ ያለ ብዙ ሰው በዚያ አዳራሽ አይቼ አላውቅም። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። አይነጋገሩም። አበባውን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ ያልፋሉ። ሳላስበው ቆጠርኩት፤ ሁለት፣ አራት፣ ሁለት፣ ስድስት። እኛ ዘንድ አበባ በሕይወት ላለ ሰው በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚሰጠው፣ ጥንድ ጥንዱ ለሙታን ነው። መጽሐፎቹ በአበባ ተሸፈኑ። መምህሩ ከመድረኩ ሆነው በደስታ እጃቸውን ያፋትጋሉ።

«ሬሳው የታለ?» አለ አንድ ሰውዬ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችው ሚስቱ። «ከመጋረጃው ጀርባ ነው መሰለኝ። ዱባ ለቃሚዋ አይታታለች አሉ ትናንት ወዲያ። ቆማ።»

በመጨረሻ እትዬ ስቶይና ገቡ። በሁለት እጃቸው ሳህን ይዘዋል፤ የተቀቀለ ስንዴ፣ በላዩ ስኳር የተነሰነሰበት፣ ለሙታን የምንቀምሰው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ማንኪያውን ሞልተው ወደ አፌ አመጡት።

«ቅመሺ፣ ልጄ። እግዜር ይቅር ይበላት» አሉ። ቆም አሉና ደገሙት፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደሚመዝን ሰው። «እኅቴን እግዜር ይቅር ይበላት። እኔም ይቅር ብያታለሁ።»

መምህሩ መጋረጃውን ሳቡት።

እትዬ ቬሊካ መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ የተበጠረ ሽበት። ማንም አልጮኸም። አንድ ወንበር ብቻ ሲጢጥ አለ። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ቀስ ብለው አማተቡ። እትዬ ቬሊካ መነጽራቸውን አድርገው አዳራሹን አዩት፤ ጥቁሩን ልብስ፣ አበባውን፣ በሩ አጠገብ ሳህን ይዘው የቆሙትን እኅታቸውን። ሁሉም ነገር ሲገባቸው አየሁ። መምህር ራንገል «የተከበራችሁ...» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

«ቁጭ ይበሉ፣ መምህር» አሉ። «የሞተ ሰው ሲናገር አይቋረጥም።»

ሰባተኛውን ምዕራፍ ከፈቱ። ሲያነቡ ከንፈሬ አብሯቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «ያን ማታ ግቢ ውስጥ የፕሪም ማርማላታ እሳት ላይ ነበር። ማርማላታ እጅ ካነሱበት ያራል። ስልኩ ተደወለ። አንዴ ላማስል አልኩ። ከዚያ አንዴ ደግሞ። የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የባቡሩን። ስደርስ ኢሊያ ሐዲዱ ላይ ነበር። እንጨቱን ያወረድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች ሲመጡ ወርዶ አገኙት፣ እኔም ዝም አልኩ። ኢሊያ አልሰከረም ነበር። እኅቴ ያለችው እውነት ነው።»

መጽሐፉን ዘጉ። እትዬ ስቶይና በመቀመጫዎቹ መካከል ወደ መድረኩ ሄዱ፣ ሰውም መንገድ ለቀቀላቸው።

«ሞታለች ብለውኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «መኖርሽን ባውቅ አልመጣም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ስንዴውን ከሌሊት ጀምሮ ነው የቀቀልኩት።»

«ስኳሩን አብዝተሽዋል። ከዚህ ይታየኛል።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «እንግዲህ ይቅርታው ለሬሳ ነበር፣ ይመልሱታል» ስትል ሁላችንም ሰማን። እትዬ ስቶይና ዞረው አዩዋት።

«በሩ ላይ፣ ስንዴ በዚያች ልጅ አፍ ላይ አድርጌ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «የተባለ ተባለ። አልመልሰውም። ከዚህ የበለጠ ግን አትጠብቂ፣ ቬሊካ።»

ሳህኑን መድረኩ ጫፍ ላይ አስቀመጡ፣ ሲወጡ ከአበባው ሥር አንድ መጽሐፍ መዝዘው በብብታቸው አደረጉ። ሰው ሁሉ ተከትሏቸው ወጣ። እትዬ ቬሊካ ማንኪያውን አነሡና ለራሳቸው መታሰቢያ የተቀቀለውን ስንዴ በሉ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። እኔ ያን ጊዜ ጥፋቴን ተናገርኩ፣ እያለቀስኩ። «ጥሩ አድርገሽ ነው የለጠፍሽው» አሉኝ። መንደሩ ግን ‹እኅቷን ለማምጣት ራሷ ነች ሞቻለሁ ብላ ያስለጠፈችው› ይላል።

በማግስቱ ጠዋት ሙቅ ውኃና ቢላዋ ይዤ ማስታወቂያዎቹን ስፍቅ ዋልኩ። በእትዬ ስቶይና በር ላይ የነበረው ቀድሞ ተነሥቷል፣ በጥንቃቄ፣ አንድ ጥግ እንኳ ሳይቀደድ። ከዚያ ወደ ቢጫዋ ቤት ሄድኩ። ጭጋጉ አልተነሣም ነበር፣ ጭስ ግን ይታየኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ፕሪሙ ከዛፉ እየወደቀ ሲበሰብስ የኖረበት ግቢ ውስጥ የመዳብ ድስት ተጥዷል። የእኅታቸው ሳህን ታጥቦ አጥሩ ላይ ተደፍቷል፣ ባዶውን እንዳይመለስ ማርማላታው እስኪደርስ ይጠብቃል። እትዬ ቬሊካ ቆመው ያማስሉ ነበር። ስጠራቸው ቀና አላሉም።

«ቅረቢ፣ ዳፊና» አሉኝ። «እጄን ማንሣት አልችልም።»