ማጭድ የበላው ድንጋይ

በቀደም ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ አንኮበር አፋፍ ላይ ወዳለው የአባቴ ቤት ስደርስ፣ መጀመሪያ የዳሰስሁት ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ነው። ጉም አርሶት ቀዝቅዟል። መሐሉ ላይ ጎድጎድ ያለ ልስልስ ቦታ አለው፤ አባቴ በአጨዳ ወራት ማጭዱን የሚስልበት ነበር። ጣቴን ስሰድበት ያው የእርጥብ ብረት ሽታ ሸተተኝ። ልንገርሽ፣ በዚህ ድንጋይ የተነሣ አንድ ቀን ልቤ ሊቆም ነበር።

ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ለአጨዳ የደረሰውን ገብስ ለታናሽ ወንድሙ፣ ለአጎቴ፣ አደራ ሰጠው። አጎቴ ልቡ ደግ፣ ጨዋታው የሚጣፍጥ፣ ግን አረቄ ካለበት የማይጠፋ ሰው ነው። እሱ አረቄ ቤት ሲጫወት ከብት ገብቶ ገብሱን ጨረሰው። አባቴ ድኖ ሲመለስ የሚያበላን ቢያጣ አንዱን በሬ ሸጠ። "ከእንግዲህ ወንድም የለኝም" አለ። በሁለቱ ቤት መሐል አባቴ የካበውን፣ ያ ማጭድ መሳያው ድንጋይም ያለበትን የድንጋይ ካብ መሻገርም ተከለከለ። እኔን ያንገበገበኝ በሬው አይደለም፤ የአጎቴ ልጅ ናት። ትምህርት ቤት አብራኝ የምትሄደው፣ ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። ዓመት ሙሉ በካቡ ላይ በዓይን ብቻ ተያየን።

የቅበላ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ የንስሐ አባታችን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ከኋላቸው አጎቴ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ። እናቴ "ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ" ብትል "ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" አሏት። ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሳይ ድንጋዩ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። አፌን በእጄ ያዝሁ። አጎቴ ለይቅርታ የሚሸከመውን ድንጋይ ከራሱ ከአባቴ ካብ ነቅሎ መጥቷል! "እመቤቴ፣ አባቴ እንዳያየው አድርጊልኝ" እያልሁ ለመንሁ።

አጎቴ አባቴ እግር ላይ ወደቀ። "ወንድም ጋሼ፣ በድያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ማረኝ።"

አባቴ ዓይኑ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብሎ ጎድጓዳውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

"ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?"

አጎቴ ከተደፋበት ሳይነሣ "የቀረበኝ እሱ ሆኖ ነው" አለ።

"አንተ ሰው፣ ለይቅርታ እንኳ ሰርቀህ ትመጣለህ?"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በቃ አለቀልን አልሁ። የንስሐ አባታችን ግን ቀስ ብለው "ልጄ፣ እኛስ እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ከእሱ ያልተቀበልነውን ምን ይዘን እናውቃለን?" አሉ።

አባቴ እሳቸውን አየ፣ አጎቴን አየ፣ ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ። ዕንባው እስኪወርድ ሳቀ። ድንጋዩን ከወንድሙ ጫንቃ አንሥቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠና "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ። እፎይ! ዓመት ሙሉ ደረቴን ተጭኖኝ የከረመው ነገር ለቀቀኝ። ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ልጅ አባቷ ድንጋዩን ሲነቅል በካቡ ላይ በከፈተው ሽንቁር ሾልካ መጣች፤ እየሳቅን ጸጉሬን ሠራችኝ። አባቴ ሽንቁሩን አልደፈነውም።

አጎቴ ተለወጠ ብልሽ ውሸት ነው። ለፋሲካ ሰክሮ ቦይ ውስጥ ተገኘ፤ ደግፎ ያመጣው አባቴ ነው። እናቴ "ይቅር ያልኸው ለዚህ ነው?" ብትለው፣ "ታዲያ ይቅር ያልሁት ይኼንኑ ሰው አይደል?" አላት።

አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው። በቀደም ድንጋዩን እየዳሰስሁ ሳለ አጎቴ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መተላለፊያ በሆነው በዚያው ሽንቁር ከዘራውን ተመርኩዞ መጣ። ዓይኑ ደክሟል። አረቄውንም ሐኪም ከልክሎት "በግዴ ጻድቅ ሆንሁ" እያለ ይቀልዳል።

"አጎቴ፣ ይሄን ድንጋይ ወደ ካቡ ልመልሰው?" አልሁት።

"ተይው ልጄ" አለና በእጁ ፈልጎ አገኘው፤ ቀስ ብሎም ተቀመጠበት። "አባትሽ ከጫንቃዬ አውርዶ ያስቀመጠው እዚህ ነው።"