የመዞሪያው ግጥም

ትናንት ልጄ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ለፈተና ስታጠና «ስትሮፌ» የሚል ቃል አጋጥሟት ትርጉሙን ጠየቀችኝ። «መዞር ማለት ነው» አልኳትና ወደ ጓዳ ገባሁ፤ የተማርኩባት የደጋዋ ከተማ የጨንቻ ጉም፣ የረጠበ ሣር ሽታና የታደለች ድምፅ ባንድ ጊዜ መጥተውብኝ ነበር።

ታደለች የሸማኔ ልጅ፣ አብራኝ የምትማር የልብ ጓደኛዬ ነበረች። የሥነ ጽሑፍ አስተማሪያችን ያንን ቃል በሰሌዳ ማስረዳት ቢያቅታቸው ክፍሉን በሙሉ ሜዳ አወጡንና፣ የጥንት ግሪኮች መዘምራን አንዱን ክፍል ወደ ቀኝ እየዞሩ፣ ተከታዩን ወደ ግራ እየተመለሱ፣ የመጨረሻውን ባሉበት ቆመው ያዜሙ እንደነበር ነገሩን። ግጥምም ጻፉልን። የታደለች ቡድን ወደ ቆላው፣ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚወርዱትን ሆኖ እየዞረ ይሰናበታል፤ የእኔ ቡድን ደጋ የሚቀሩትን ሆኖ እየተመለሰ ይመልስለታል፤ በመጨረሻ ሁላችን ቆመን ያለ ቃል እናንጎራጉራለን። ስንለማመድ ቀኝና ግራው እየጠፋን፣ እርስ በርስ እየተጋጨን ጭቃው ላይ ስንንሸራተት ቲቸር ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸው ነበር።

የወላጆች በዓል ሲቃረብ የታደለች አባት ቤተሰባቸውን ይዘው ለሽመና አዲስ አበባ ሊገቡ መሆኑን ሰማን፤ የሚሄዱትም በበዓሉ ማግስት ነበር። በዕለቱ ታደለች ስንብቱን ከወትሮው ቀስ አድርጋ አዜመች፤ እኔም መለስኩላት። መቆሚያው ላይ ስንደርስ ግን አልቆመችም፤ ሜዳውን አቋርጣ እኔ ዘንድ መጣችና እጄን ያዘች። ቲቸር ሊያስተካክሏት አልሞከሩም። አባቷም ወላጆች መሀል ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልኳን አፈላልጌ ደወልኩላት። አማርኛዋ ፍጹም የአዲስ አበባ ሆኗል። ስለ ልጆቿ በደስታ ስታጫውተኝ ከቆየች በኋላ፣ ያን ግጥም ታስታውሰው እንደሆን ጠየቅኋት።

«የቱን ግጥም?» አለችኝ።

እኔም ጨዋታውን ቀየርኩት። የእኔን ክፍል ዛሬም አንድ ቃል ሳልስት እለዋለሁ፤ የእሷን ግን ከወዲያ ማዶ ስሰማው እንጂ እኔ ስለው አልኖርኩምና ጠፍቶብኛል። ቲቸርም አርፈዋል። ከዚያ ሁሉ የቀረው መልሱ ብቻ ነው፤ ስንብቱን የሚያውቅ ሰው የለም።